ግዝት ያለበት ማር

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ አገሬ ወርጄ ስመለስ፣ አርብ ገበያ ላይ መኪናው ሰው እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ቆምኩ ማለቴ ውሸት ነው፤ እኔ መቆም አይሆንልኝም። ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። በሦስተኛው ዙር አንዲት ሴት የቅሏን ክዳን ስታነሳ ያልተጣራ ማር ሸተተኝ፤ ጢስ ጢስ፣ ሰም ሰም፣ ትንሽም እበት እበት የሚለው የአገራችን ማር። እግሬ ያኔ ነው ያረፈው።

«ቅመሺው፤ ስኳር የለበትም» አለችኝ።

«ከማን ቀፎ ነው?» አልኳት።

ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ። «ከቀፎዬ ነዋ። ሰርቄ ያመጣሁት መሰለሽ?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማር የሚገዛ ሰው ስለ ስኳሩ ይጠይቃል እንጂ ስለ ቀፎው ጌታ አይጠይቅም። ይቅርታ ብዬ፣ የጠራችውን ከፍዬ፣ ቅሉን ታቅፌ ሄድኩ። ግን ማር ባየሁ ቁጥር ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ያስለመደኝም በዘጠኝ ዓመቴ ያሳለፍኩት አንድ ጥቢ ነው።

ቤታችን ከወንዙ ወደ ላይ በሚወጣው ተረተር ወገብ ላይ ነበረች። ከበታቻችን የአያ ካሴ ቤት፣ ከሳቸው በታች ወንዙ፤ ከበላያችን የወይራ ዱር፣ ከዱሩ ማዶ ሚካኤል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከእጅ ያመለጠ ነገር ሁሉ ማደሪያው የአያ ካሴ ጓሮ ነው። ዱባችን ተንከባሎ እዚያ ይገኛል፤ ዶሮዎቻችን እዚያ ይጥላሉ፤ ታናሽ ወንድሜ ሞላም አንድ ጊዜ ከደጃፍ ተንከባሎ የሳቸው አጥር ነው የያዘው። አያ ካሴ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው ያገቡ ሽማግሌ ነበሩ። የተንከባለለውን ሁሉ እያነሱ «የላይኞቹ፣ ንብረታችሁን ሰብስቡ» እያሉ ይጣሩ ነበር። ያን ጥቢ ግን አንድ ነገር ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

አባቴ ባየ፣ እናቴ ጥሩ ይባሉ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ፣ ገብስ ዘርቶ ሳይጨርስ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስም ጠርቶ ለሚሊሻ ከተመረጡት ጋር ወሰደው። ሐምሌ ወሬ የለም። ነሐሴም የለም። ክረምቱ መንገዱን ዘግቶታል፣ ወንዙ አያሻግርም፣ ስለዚህ ወሬ ማጣታችን ራሱ እንደ ደኅና ወሬ ይቆጠር ነበር። የነሐሴ ሚካኤል ዕለት እናቴ እኔን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። ግንባሯን ከግድግዳው አስጠግታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተሳለች፤ «ሚካኤል፣ ባየን በእግሩ መልስልኝ። ለኅዳርህ አንድ ቅል ማር ከነሰሙ አገባለሁ። ማሩ ለድግስህ፣ ሰሙ ለጧፍህ።»

በዚያ ግድግዳ ላይ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ተስሏል። እኔ ሥዕሉን እያየሁ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብኩ ማለቴ ነው። በአንደኛው ወጭት አባቴ ይቀመጣል፣ በሌላኛው ማሩ። ሚዛኑ እኩል ሲሆን ሚካኤል አባቴን ይለቀዋል። የጨነቀኝ የቅሉ ማነስ ነበር። አባቴ ረጅም፣ አጥንቱ የከበደ ሰው ነው፤ አንድ ቅል ማር እሱን የሚያነሳ አልመስል አለኝ። እናቴን «ሁለት ቅል በይ» ብዬ ጎተትኳት፤ ዝም በይ አለችኝ።

አባቴ አልተመለሰም። ይህን አሁኑኑ የምናገረው የሚያነብ ሰው በከንቱ መንገድ መንገድ እንዳያይ ነው። እኛ ግን ያኔ አናውቅም፤ ቤታችን ውስጥ የሚበላው፣ የሚተኛው፣ የሚታሰበው ሁሉ ለኅዳር ሚካኤል ነበር። «አባዬ መቼ ይመጣል?» ስላት እናቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ለኅዳር ይመጣል» ትለኛለች።

ችግሩ ንብ የለንም። የአባቴ ንቦች እሱ በወጣ በወሩ ቀፎውን ጥለው ሄደዋል። ሰው «ንብ ጌታውን ካጣ አይቀመጥም» ይል ነበር፤ አሁን ሳስበው የክረምቱ ረኃብ ነው ያባረራቸው። መስከረም ሲጠባ እናቴ ባዶውን ቀፎ ከታዛው አወረደችው። የሸረሪት ድሩን ጠረገች፣ እኔ እበትና አመድ ለውሼ ስንጥቁን ለሰንኩ፣ በወይራ ቅጠል አጠነችው፣ አፉን በአሮጌ ሰም ቀባችው። ይህ የወንድ ሥራ ነው። አያ ካሴ ከታች ሆነው ሲያዩ ቆዩና ተጣሩ።

«ጥሩ፣ ንብ እኮ ሱሪ ያውቃል።»

«ሱሪው ዘምቷል አያ ካሴ፤ ምን ላድርግ» አለቻቸው እናቴ።

ሳቁ። በማግሥቱ ግን መጥተው የቀፎውን አፍ ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ሰቀሉልን። ሲሄዱም «አሁን መጠበቅ ነው። ከቆላ የፈለሰ ንብ ካለፈ ሰሙ ይስበዋል፤ ካላለፈ አያልፍም» አሉ።

መጠበቁ ለእኔ ተሰጠ። ሞላን አዝዬ ከቤታችን ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ሰማይ ማየት። ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን እስር ቤት ነበር። በጥቢ የሚቀመጥ ነገር የለም። ጭጋጉ ተነሥቷል፣ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ከእግር ጣት መሐል መግባት ትቷል፣ አደይና መች አበባ ተረተሩን ቢጫ አድርገውታል፣ ገብሱ አፍርቶ አልበሰለም። ክረምቱን የተዘጋው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ወንዙ ጎድሎ ማዶ ያሉት ወደ እኛ ይሻገራሉ፣ የእኛዎቹ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። እኔ ብቻ ድንጋይ ላይ ተጎልቼ፣ ሞላ ጀርባዬን እያረጠበ፣ ዝንብ በታየኝ ቁጥር ንብ ነው እያልኩ እነሣለሁ። ሰባት ቀን፣ አሥር ቀን። ምንም የለም። ኅዳር እየቀረበ ነው፤ ሚዛኑ ባዶ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ዓርብ፣ አያ ካሴ ገበያ ወርደዋል፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች፤ ቆላ የሚወርደው ሰው አልፎ መንደሩ ጭር ብሏል። ከታች፣ ከአያ ካሴ ታዛ፣ አንድ ጩኸት ተነሣ። ከነበሯቸው ሰባት ቀፎዎች ከአንደኛው ንቡ እንደ ጢስ ተግተልትሎ ወጣ። አጥራቸው ላይ ካለችው ቀጋ ላይ ዞሮ ዞሮ ትንሽ አረፈና እንደገና ተነሣ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ልጅ የለም። የጎረቤትህ ንብ ሲወጣ ካየህ ጌታውን ትጣራለህ፤ ጌታው ከሌለ አፈር እየበተንክ እዚያው ግቢው ላይ ታሳርፍለታለህ። አፈሩ ዝናብ እየመሰለው ንቡ ያርፋል። የንቡ ጌታ ጠላትህ ቢሆን እንኳ የሰው ንብ ነውና ታቆይለታለህ። ይህን አውቃለሁ። አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ።

ሞላን ቋጥኙ ሥር አስቀምጬ ቁልቁል ሮጥኩ። አፈር ዘገንኩ። ግን ከላይ ቆሜ አልበተንኩም፤ ዞሬ ከበታቹ ገባሁና ከወንዙ በኩል ቆሜ ወደ ላይ በተንኩት። «በማርያም፣ በማርያም» እያልኩ በተንኩት። ንቡ ከአፈሩ እየሸሸ ሽቅብ ወጣ። እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ፤ የገብሱን እርከን አንድ በአንድ እያለፍን የእኛ ታዛ ደረስን። ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኩም። ሰሙ ሸተተው መሰለኝ፣ ከቀፎው አፍ ላይ ተከምሮ እንደ ውኃ ፈሶ ገባ።

ከታዛው ሥር ዘለልኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት ዛሬም አልለየሁትም።

እናቴ እንስራዋን አዝላ ዘግየት ብላ መጣች። ቀፎውን አየች፣ እኔን አየች፣ አፈር የበላውን እጄን አየች።

«ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከላይ። ከዱሩ።»

ንብ ሲገባ እልል ይባላል። እናቴ እልል አላለችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ተመስገን» ብላ እንስራዋን ለማውረድ ገባች። ደስታ ሲበዛ ድምፅ ያሳጣል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ሊመሽ ሲል አያ ካሴ መጡ። ከገበያ የገዙትን ጨው እንደያዙ ነው፤ ከቤታቸው ሳይገቡ ነው የመጡት።

«ጥሩ፣ ንብ ወጥቶብኛል። አንዱ ቀፎ ባዶ ነው።» ቀና ብለው ታዛችንን አዩ። «እናንተ ጋ ገብቷል።»

«ከላይ ነው የመጣ አለች ልጄ» አለች እናቴ።

ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። «አትጠገብ፣ ከየት ነው የመጣው?»

«ከላይ ነው አያ ካሴ። ከዱሩ።»

ጢማቸውን ዳበሱ። በዚያ ክረምት መሬታችንን ያረሱልን እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ ለዘማች ቤተሰብ እረሱ ብሎ ስላዘዘ ነው ይላሉ፤ ግን ሌሎቹ የታዘዙት በስንት ልመና ሲመጡ እሳቸው ሳይጠሩ ነበር በሬያቸውን ይዘው የሚመጡት። ይህን እያወቅሁ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ።

«ይሁን» ብለው ወረዱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክሌ፣ የሚካኤል አስተዳዳሪ፣ መስቀላቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ቆሙ። «ካሴ ንብ ጠፍቶበታል» አሉ። «ያየህም ያየሽም፣ የገባበትን እያወቅህ ዝም ያልህም እያወቅሽ ዝም ያልሽም፣ እስክትናገሩ ድረስ ግዝት ይሁንባችሁ።» ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ስለለመደብኝ አሜን አልኩ፤ ካልኩ በኋላ ነው የራሴን ፍርድ ማጽደቄ የገባኝ።

ግዝት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከሚካኤል ቅጥር ውጭ አንድ የደረቀ ወይራ ነበር። በድሮ ዘመን ሌባ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሰርቆ ከሥሩ ቀበረ፤ ቄሱ «የደበቀ» ብለው ሲገዝቱ ሌባው ሞቶ ስለ ነበር ግዝቱ ወይራውን አገኘው ይባላል። ዛፍ፣ አፍ የሌለው፣ ዝም በማለቱ ደረቀ። እኔስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን አጥፌ እዘረጋለሁ። ምላሴን በእንስራው ውኃ ውስጥ አያለሁ። ፀጉሬን እየጎተትኩ ይነቀል እንደሆነ እሞክራለሁ።

መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ሞላን አዝዬ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ሳልጠጣ እመለሳለሁ። ቋጥኙ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መሠረተ ትምህርት የሚያስተምረን ከከተማ የመጣ ልጅ «ይህች ልጅ መርፌ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እናቴም እንደ እኔ ሆነች። የጀመረችውን ጥጥ ትታ ትነሣለች፣ ጨው ጨምራ እንደገና ጨው ትጨምራለች። ስለ አባቴ ተጨንቃ ነው አልኩ። እሱም ነበረ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሚካኤል ድረስ አብራኝ ትወጣለች፤ ከቅጥሩ በር ስንደርስ ትቆማለች። «አንቺ ግቢ፤ አንቺ ሕፃን ነሽ» ትለኛለች። እሷ ከውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ተጠግታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴውን ታዳምጣለች። ለምን አትገቢም ስላት «ልብሴ አድፏል» አለችኝ። አየሁት፤ እውነትም አድፏል። ሳሙና የለም፣ ለማን ብላ ትታጠበው ብዬ አመንኳት። እኔ ግዝት ያለብኝ ገብቼ፣ እሷ ንጹሕዋ ውጭ መቆሟ ግን አንገበገበኝ። ውስጥ ስገባ ግድግዳም ምሰሶም አልነካም፤ የነካሁት የሚደርቅ እየመሰለኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ወትፌ እቆም ነበር።

ለምን አልተናገርኩም? ብናገር ማሩ ይሄዳል፤ ማሩ ከሄደ አባቴ ይቀራል። ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ መላ ዘየድኩ። አስቀድሞ ስለቱ ይገባል፣ አባቴ ይመጣል፣ ከዚያ እናገራለሁ። እስከዚያ ብደርቅም ልድረቅ። ጣቴ እስከ ኅዳር ከቆየልኝ ይበቃኛል።

ጥቅምት ላይ አያ ካሴ በሬያቸውን ይዘው መጡ፤ ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ መሬታችንን ለሽምብራ ሊያርሱልን። እርሻውን ጨርሰው ውኃ ሊጠጡ ወጡና ከታዛው ሥር ተቀመጡ። ንቡ ከራሳቸው በላይ ያጓራል። ቅሉን ይዘው፣ ሳይጠጡ፣ ጆሯቸውን አቅንተው ቆዩ።

«ደኅና ገብቷል» አሉ። «አውራው ጤነኛ ነው። የኔም እንዲህ ነበር የሚጮኸው።»

እናቴ የያዘችው የንፍሮ ሣህን አዘነበለባት። አያ ካሴ የፈሰሰውን ባቄላ አንድ በአንድ ለቅመው ሣህኑ ላይ መለሱላት። ውኃውን ጠጥተው በሬያቸውን ነድተው ወረዱ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ አያ ካሴ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ማዶ ካለው ተረተር ለቅሶ ተነሣ። ከአባቴ ጋር ከሄዱት አንዱ ሞቶ ወሬው ደረሰ። እናቴ ተሻግራ ስትደርስ ውላ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ቀፎው ሄዳ በጣቷ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። ወደ መሙላቱ ነበር። «ይደርሳል» አለች ለራሷ። እኔም ከበር ቆሜ ይደርሳል አልኩ።

ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ፣ እናቴ ቢላዋን ሳለች። ኩበት አቀጣጥላ ጢሱን በገል ያዘች። ቅሉን አጥባ ከታዛው ሥር አስቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠምጥማ መደቡ ላይ ወጣችና ጢሱን ወደ ቀፎው አፍ እፍ ማለት ጀመረች።

መላዬ ሁሉ ጠፋኝ። ስንት ሳምንት ያቀድኩት፣ ጣቴን እየቆጠርኩ የጠበቅኩት ቀን ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ሚካኤል ማሩን ሚዛኑ ላይ ያደርገዋል፤ ማሩ ግዝት አለበት፤ የነካውን ሁሉ ያደርቃል። በሌላኛው ወጭት ያለው አባቴ ነው።

ቀሚሷን ይዤ ጎተትኩ። «እማዬ፣ አይቆረጥ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ከላይ አልመጣም። ከአያ ካሴ ታዛ ነው የወጣ። ከታች ሆኜ አፈር በትኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግዝት አለብኝ።»

ጥፊ ጠበቅሁ። እናቴ ከመደቡ ወረደች። ገሉን መሬት አስቀምጣ ኩበቱ ላይ አፈር አለበሰችው። ነጠላዋን ከፊቷ ፈታች።

«አውቃለሁ» አለች።

አልገባኝም።

«እንስራዬን አዝዬ ከገብሱ ዳር ነበርኩ። ከካሴ ታዛ ሲወጣ ጀምሮ አይቼዋለሁ። አንቺ ዞረሽ ከበታቹ ስትገቢ ተዪ ልልሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ከዚያ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ እንድትዋሺልኝ።»

«አንቺም ግዝት አለብሽ?»

«የእኔ ይብሳል። አንቺ ሕፃን ነሽ፤ ይምርሻል ብዬ ነው ግቢ የምልሽ።»

ያኔ ነው የቅጥሩ ካብ የታየኝ። ስድስት ሰባት እሁድ፣ ሴቱ ሁሉ እየተሳለመ ሲገባ፣ እናቴ ከውጭ። ልብሷ አልነበረም። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ውሸት ይዘን፣ አንዳችን ከሌላችን ደብቀን፣ እየተሯሯጥን ከርመናል። አለቀስኩ። የእኔን ኃጢአት ስሸከም አልቅሼ አላውቅም፤ ለእሷ ግን አለቀስኩ።

«ማሩስ?» አልኳት። «አባዬስ?»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ስትቀመጥ ያየሁት ከሰኔ ወዲህ ያን ቀን ነው።

«ሚካኤልን ዝም እለዋለሁ ብዬ ነበር» አለች። «እሱ ያውቃል፤ ዝም ብዬ እሰጠዋለሁ፣ ዝም ብሎ ይቀበለኛል ብዬ። አባትሽን ግን ምን አደርገዋለሁ? ንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ገና ከደጅ ሳይገባ ቀና ብሎ ታዛውን ያይና ይህ ንብ ከየት መጣ ጥሩ፣ ይለኛል። ምን እለዋለሁ? ለእሱ ዋሽቼ አላውቅም፤ አልችልበትም።»

ንቡ ወደ ማደሪያው እስኪሰበሰብ ጠበቅን። የቀፎውን አፍ በሣር ወተፈችና አውርዳ አዘለችው። ከብዷል። እኔ ሞላን አዝዬ ከኋላዋ። ያን ቁልቁለት እንደዚያ ቀስ ብዬ ወርጄው አላውቅም።

አያ ካሴ ከደጃቸው የገብስ ማጭጃ ሲስሉ አገኘናቸው። እናቴ ቀፎውን ከፊታቸው አስቀምጣ ከእግራቸው ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት።

«ያየሁት እኔ ነኝ አያ ካሴ። ያመጣችውም ልጄ፣ ዝም ያስባልኳትም እኔ።»

«በጥቢ ከላይ የሚወርድ ንብ የለም» አሉ። «ዱሩ ገና ብርድ ነው። ያን ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ንቤን አምጪ አላሉኝም?»

«ባሏ የዘመተባት ሴት ቤት ገብቼ ሌባ ናችሁ ልበል? ለሚካኤል ሰጠሁትና ተገላገልኩ አልኩ። ካስገዘትኩ በኋላ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ ሳይሽ፣ ለአንድ ቀፎ ንብ ሰው አስወጣሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ግዝቱን ያንሡልኝ ስል፣ አባ ተክሌ ተናጋሪ ሳይመጣ አይነሣም አሉኝ።» ማጭጃውን አስቀመጡ። «ስለት ነበረብሽ አይደል?»

«አንድ ቅል።»

ቀፎውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ማር ብሰጥሽ ስለቱ የኔ ይሆናል እንጂ ያንቺ አይሆንም። በእኔ ማር ባልሽን አታስመልሺም። ባዶ ቀፎ ግን እሰጥሻለሁ፤ የባየ ቀፎ ከነንቡ እኔ ጋ ቀርቷልና።» በማግሥቱ ማለዳ ራሳቸው ይዘውት መጥተው ከታዛችን ሰቀሉት። እኔንም ጠርተው አሠራሩን አሳዩኝ፤ አልተቆጡኝም፣ አልሳቁልኝምም።

አባ ተክሌ ግዝቱን ፈቱልን። ለእናቴ ስግደትና ለቅጥሩ ካብ ድንጋይ ተሸክሞ ማውጣት ሰጧት፤ እኔን በመስቀል ዳብሰው «አፈሩን ወደ ላይ መበተን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እውነት ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሴቱ ሁሉ የተሳለውን ይዞ ወጣ። ጋን የተሸከመች አለች፣ ጧፍ የታቀፈች፣ በግ የምትጎትት። እናቴ ልብሷን በእንዶድ አጥባ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ባዶዋን ገባች። ከሥዕሉ ፊት ቆመች። «ሚካኤል፣ ያልኩህን አላመጣሁም» አለች፤ በነሐሴ ስትሳል በነበረው ድምፅ፣ ሰው እየሰማት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩዋት። እሷ አላየቻቸውም። ቅዳሴው እስኪያልቅ እጄን ከብብቴ አውጥቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ሰው ድግስ ላይ ሲቀመጥ እኛ ቀድመን ወጣን። ከዱሩ ወጥተን ቤታችንና ታዛዋ ከታች ሲታዩን ጠየቅኋት።

«አባዬ ይመጣል?»

ከነሐሴ ጀምሮ መልሱ አንድ ነበር፤ ሳታስብም ትለዋለች። ያን ቀን ቆመች። ሞላን ከጀርባዋ አስተካከለችና መንገዱን አየች።

«እንጃ ልጄ» አለች።

እናቴ እንጃ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር። ግዝቱ እንኳ እንዲያ አላስፈራኝም። እጇን ለቀቅኩና ቁልቁለቱን መሮጥ ጀመርኩ፤ ትወድቂያለሽ አላለችኝም።